ይድረስ ለፔንታጎን፦ ክትባትን ከዒላማችሁ አውጡት

ይድረስ ለአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር፣

ሜሪላንድ የምኖር ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ የዚህ አገር ዜግነት ከወሰድኩ ግን ቆየሁ። ግብሬን በየዓመቱ እከፍላለሁ። በኮቪድ ጊዜ የቻይናን ክትባት ለማጥላላት በምስጢር ስላካሄዳችሁት ዘመቻ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም እንደ አንድ ዜጋ ነው።

በኮቪድ ጊዜ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ነርስ ነበረች። ያኔ ፊሊፒናውያን ነርሶች ላይ የደረሰውን ሳስብ አሁንም ያመኛል። በሴፕቴምበር 2020 ናሽናል ነርስስ ዩናይትድ የተባለው የነርሶች ሠራተኛ ማኅበር ባወጣው ዘገባ፣ ፊሊፒናውያን ከአሜሪካ ነርሶች 4 በመቶ ገደማ ናቸው። በኮቪድ ከሞቱት ነርሶች ግን ሲሶ ያህሉ እነሱ ነበሩ።

አንድ ሌሊት፣ በ2021፣ በእረፍታችን ሰዓት እናቷ ጋ ደወለች። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። የሚያወሩት በአገራቸው ቋንቋ በታጋሎግ ስለሆነ ምንም አልገባኝም፤ «ሲኖቫክ» የሚለውን የቻይና የኮቪድ ክትባት ስም ብቻ ለየሁ። ስልኩን ዘግታ ዝም አለች። ቆይታ፣ «እማዬ አልከተብም አለች» አለችኝ። «የቻይናው መርዝ ነው ሲሉ ሰምታለች። ሌላው እስኪመጣ እጠብቃለሁ ትላለች።» ከዚያ ጓንቷን አጥልቃ ወደ በሽተኞቿ ተመለሰች።

በጁን 2024 የዜና ወኪሉ ሮይተርስ ያወጣውን ምርመራ ሳነብ ያቺ ሌሊት ትዝ አለችኝ። ከ2020 ጸደይ እስከ 2021 አጋማሽ ድረስ የእናንተ ሰዎች ፊሊፒናዊ መስለው ትዊተር ላይ ሲጽፉ ነበር። ሮይተርስ ቢያንስ 300 አካውንት አግኝቷል። ሃሽታጋቸው በታጋሎግ «ቻይና ናት ቫይረሱ» ይላል። የቻይና ማስክም ክትባትም አይታመንም እያሉ ነበር። ሲኖቫክ ደግሞ በማርች 2021 ፊሊፒንስ ውስጥ መሰጠት የጀመረ የመጀመሪያው የኮቪድ ክትባት ነው። በጁን 2021 ከ114 ሚሊዮን ሕዝብ ክትባቱን የጨረሰው 2.1 ሚሊዮን ብቻ ነበር።

የጓደኛዬን እናት ያስፈራት የእናንተ ጽሑፍ ነው አልልም። ያንን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። እናንተም ግን አይደለም ማለት አትችሉም።

ቻይና ቀድማ እንደጀመረች አውቃለሁ። በማርች 2020 የውጭ ጉዳይ ቃል አቀባይዋ ቫይረሱን ዉሃን ያስገባው የአሜሪካ ጦር ሊሆን ይችላል ብሎ ጻፈ። ያናድዳል። ግን ይህን ያለው ቤይጂንግ ያለ ባለሥልጣን ነው። ዋጋውን ማኒላ ያሉ እናት ለምን ይክፈሉ?

ከሁሉም ያመመኝ ዒላማው የተመረጠበት መንገድ ነው። ጦሩ ሕዝብ ሲያጠና ጥያቄዎች አሉት፦ ምን ይፈራሉ? ማንን ያምናሉ? ወሬ ከየት ይሰማሉ? እኔም በሽተኛ መድኃኒት አልወስድም ሲለኝ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ «ምን አስፈራዎት?» እላለሁ። የምጠይቀው ፍርሃቱን ላቀልለት ነው። እናንተ ግን ያንኑ ጥያቄ ጠይቃችሁ ፍርሃቱን አባባሳችሁት።

ዘመቻው ወደ መካከለኛው እስያና መካከለኛው ምሥራቅ ሲሻገር ደግሞ ሙስሊሞች ተመረጡ። የቻይና ክትባት የአሳማ ጄላቲን (ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነገር) አለበት፣ ሐራም ነው ተባለ። የሲኖቫክ ኩባንያ ክትባቴ የአሳማ ነገር የለበትም ብሏል። እኛ ሐበሾች ይህ ነገር ይገባናል። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አሳማ አይበላም። እኔ ራሴ ሱቅ ገብቼ ለልጆቼ ከረሜላ ስገዛ፣ ጄላቲን እንዳለበትና እንደሌለበት ለማወቅ የጀርባውን ጽሑፍ ሳላነብ አልከፍልም። ያ ከእናቴ የወረስኩት ሃይማኖቴ ነው። የሰውን እምነት አጥንቶ፣ በዚያው በኩል ገብቶ ከመድኃኒት ማራቅ እንዴት ሥራ ይሆናል?

ሮይተርስ በጁላይ 2024 እንደዘገበው፣ ለፊሊፒንስ መንግሥት በጻፋችሁት ደብዳቤ ስህተት እንደነበረ አምናችኋል። ጥሩ ነው። ግን ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ምን ያግዳችኋል?

መንገዱ አዲስ አይደለም። ሲአይኤ ቢን ላደንን ሲያድን ፓኪስታን ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ የክትባት ዘመቻን ሽፋን አደረገ። ነገሩ በ2011 ታወቀ። የፖሊዮ ክትባት ሰጪዎች በጥርጣሬ ይታዩ ጀመር፤ የተገደሉም አሉ። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤቶች ኃላፊዎች ይህ እንዲቆም ለፕሬዚዳንት ኦባማ ጻፉ። በሜይ 2014 ዋይት ሐውስ ሲአይኤ ከእንግዲህ የክትባት ፕሮግራምን ለስለላ እንደማይጠቀም በደብዳቤ አሳወቀ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ክትባት፣ መድኃኒትና የበሽታ ፍርሃት በማንኛውም የተፅዕኖ ዘመቻ ውስጥ እንዳይገቡ የሚከለክል መመሪያ አውጡ። ጠላት የምትሉት አገር ሕዝብም ቢሆን። በምስጢር አይሁን፤ እኔም ጓደኛዬም የምናነበው ይሁን። ለፊሊፒንስ ሕዝብም፣ ለመንግሥቱ ብቻ ሳይሆን፣ በታጋሎግ ይቅርታ ጠይቁ። በዘመቻው ጊዜ ቋንቋው አልጠፋባችሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሌሊት ተረኛ ነርስ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ