ዳይክሎዋን ከኪስህ አውጣ

የኔ ጌታ፣ እንደምን ሰነበትክ? ሐዋሳ ተስማማህ?

እህትህ ትናንት ማታ ደውላ ነበር። ጥርሱን አሞት ዳይክሎፌናክ ገዝቶ ሁለት ቀን ዋጠ አለችኝ። እሷን እንዳትቆጣት፣ አጥብቄ የጠየቅኳት እኔ ነኝ። ፋርማሲስቱንም አልወቅስም፤ አንተ ካልነገርከው ከየት ይወቅ? አንተ ዋርፋሪን ላይ ነህ። ዳይክሎ አትንካ።

ሐኪሟ ያስረዳችንን ረሳኸው እንዴ? ዋርፋሪኑ ልብህ ውስጥ የገባው ብረቱ ቫልቭ ላይ ደም እንዳይረጋ ነው። ዳይክሎ ደግሞ የጨጓራህን መከላከያ ያሳሳል፣ ደም የሚያቆሙትን ፕሌትሌቶችም ያደክማል። ሁለቱ ከተገናኙ ጨጓራህ ሳይሰማህ ይደማል። «በመርፌ ከሆነ ሆድ አይነካም» የሚሉህን አትስማ፤ በደም ዞሮ እዚያው ይደርሳል። አክስትህ ከአሜሪካ የላከችልህ አድቪልም አይቡፕሮፌን ነው፣ የዳይክሎ ወንድም። እሱንም አውጣው።

ሰገራህን እይ፣ አትፈር። እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም የቡና አተላ የመሰለ ካስመለሰህ፣ ለኔ ሳትደውል ቀጥ ብለህ ሐኪም ቤት።

ስምንት ዓመትህ ነበር። ጉሮሮህ አብጦ ምራቅህን መዋጥ አቃተህ። ጎረቤት «እንጥሉ ወርዶ ነው» አሉኝ። ወስጄ አስቆረጥኩህ። ስትንፈራገጥ እጅህን ግጥም አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሳምንታት ቆይቶ ጉልበትህ አበጠ፣ እሱ ሲተው ቁርጭምጭሚትህ። «እያደገ ነው» ብዬ በቅቤ አሸሁህ። ለካ ከቶንሲሉ የመጣ ነው። ያኔውኑ ሐኪም ቤት ወስጄህ ፔኒሲሊን ብታገኝ ልብህ ድረስ ባልዘለቀ። አባትህ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ውሰድ፣ ባለ 500 አንድ ወይም ሁለት፣ በስድስት ስድስት ሰዓት ልዩነት። ቀናት ከቀጠልክበት ግን እሱም አይ ኤን አርህን፣ ደምህ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለኩበትን ቁጥር፣ ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ለክሊኒኩ ንገራቸው። ለማንኛውም ቀጠሮህን አትጠብቅ፣ ነገ ሄደህ አይ ኤን አርህን ተለካ።

ጥርሱን ለማስነቀል ብለህ ዋርፋሪኑን በራስህ እንዳታቋርጥ። መጀመሪያ የልብ ሐኪምህን ጠይቅ። ቫልቭ ላለው ሰው ከመነቀሉ በፊት የሚወሰድ አንቲባዮቲክም አለ። ሜትሮኒዳዞል ካዘዙልህ ደግሞ ዋርፋሪን እንደምትወስድ ድገምላቸው፤ እሱም ደሙን ክፉኛ ያቀጥነዋል።

በሶና ሽሮ በአውቶቡስ ልኬልሃለሁ፣ ቅዳሜ መናኸሪያ ሄደህ ተቀበል። ጎመን የዋርፋሪኑን ሥራ ያዛባልና አላበዛሁልህም፣ አንተም ከለመድከው አታብዛ አታሳንስ።

ዳይክሎዋን ጣልካት? ጣላት። የጥርስ ሐኪሙ ጋ ስትገባ መጀመሪያ የዋርፋሪን ካርድህን አሳየው፣ ከዚያ አፍህን ክፈት።

እናትህ