እማዬ፣ ኪሮሹን አታስቀምጪው

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የቱሉ ዲምቱ ንፋስ ግን አሁንም ማታ ማታ መስኮቱን ያንኳኳል።

በስልክ «እጄ አርጅቷል፤ ዳንቴሉን ትቼዋለሁ» ካልሽኝ ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። ያ የረከቦት ልብስ ሁለት ረድፍ ቀርቶት ቅርጫት ውስጥ ሊቀር ነው? ለፋሲካ መጥቼ አይቼሻለሁ፤ ጥቂት ሠርተሽ አውራ ጣትሽን ታሺዋለሽ። እማዬ፣ ጥፋቱ የእጅሽ ብቻ አይደለም። የብረት ኪሮሽሽ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭን ነው፤ እንዳያመልጥሽ አጥብቀሽ ትጨብጪዋለሽ፤ የሚያደክምሽም ያ ጭበጣ ነው።

ስለዚህ መርካቶ ወርጄ ያንኑ የለመድሽውን 1.5 ሚሊሜትር ገዛሁልሽ። ከመንገድ ዳሩ ጎሚስታ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ለምኜ፣ በቀጭኑ ቀድጄ፣ እጀታው እርሳስ እስኪያህል ጠቀለልኩበት። ከአፉ ጀምሮ 3 ሳንቲሜትር ያህል ግን ባዶውን ተውኩት። የክሩ ቀለበት ስፋቱን የሚያገኘው አንገቱ ላይ ነው፤ እሱን ካወፈርነው ዳንቴሉ ይላላል፤ የላላ ሥራ ደግሞ ፈትተሽ እንደምትጀምሪ አውቃለሁ። አፉ ላይ ትንሽ ሻካራ ነገር ነበረው፤ ክሩን እንዳይሰነጥቅብሽ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት።

ሁለተኛው የቀርከሃ ነው፣ 5 ሚሊሜትር። ለልጁ ብርድ ልብስ በወፍራሙ ክር ሥሪበት። በደብረ ብርሃን ጠዋት ብረት እጅ ላይ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ቀርከሃ እንደዚያ አይደለም። እሱን እንደ እስክሪብቶ ሳይሆን ቢላዋ እንደሚያዝ ከላይ ያዢውና ሞክሪ፤ ጣትሽ አርፎ ክንድሽ ያግዝሻል። መጀመሪያ ላይ እጅሽ እንቢ ይላል፤ ሁለት ሦስት ቀን ታገሽው።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ሌሊት አውራ ጣትሽና ጠቋሚ ጣትሽ የሚደነዝዙ ከሆነ በኪሮሽ አይድንም፤ ሐኪም ይይሽ። አትደብቂኝ፤ መጥቼ እወስድሻለሁ።

የጠቀለልኩት ከወፈረብሽ ጫፉን ፈትተሽ አንድ ዙር ቀንሺለት። ከቀጠነብሽ ትርፉን ላስቲክ ከክሩ ጋር አድርጌልሻለሁ። እሑድ ስደውል የትኛው እንደተስማማሽ ንገሪኝ።

ናፋቂ ልጅሽ