የሳምንቱ ትምህርትና የቤት ሥራ፦ ለ1ኛ ክፍል ወላጆች

ጤና ይስጥልኝ ውድ ወላጆች።

የዚህ ሳምንት ዋና ሥራችን ሳድስ ፊደላት (በየፊደሉ ተርታ ስድስተኛዎቹ፣ እንደ "ል"፣ "ም"፣ "ብ" ያሉት) ናቸው። ልጆቹ ካዕብን (በየተርታው ሁለተኛዎቹን) ቶሎ ለምደውታል፤ "ሉ"፣ "ሙ"፣ "ቡ" ሁሉም በቀኝ ጎናቸው ሰረዝ አላቸውና። ሳድስ ግን እንዲህ ወጥ አይደለም። "ብ" ሰረዟ በግራ ነው፣ "ም" ደግሞ ወደ ታች እግር ታወጣለች። ስለዚህ እያንዳንዷን በዓይን መልመድ ያስፈልጋል። ልጁ ቢዘገይ አትቆጡት፤ እውነትም ከባድ ነው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሲያስጠኑ "ለ ሉ ሊ" ብለው ከመጀመሪያው አያስጀምሩት። ብዙ ልጆች ዜማውን በቃላቸው ይዘውታል፤ ፊደሏን ለብቻዋ ሲያዩ ግን ይጠፋባቸዋል። ከመሐል እየዘለሉ ይጠይቁት። እስከ ዓርብ "ልብ"፣ "ወንዝ"፣ "ድመት"፣ "ምንጣፍ" የሚሉትን ቃላት ያለ እርዳታ እንዲያነቡ እፈልጋለሁ።

የቤት ሥራው ይኸውና። ማታ ማታ 10 ደቂቃ ከሳሙና መጠቅለያ፣ ከጋዜጣ ወይም ከቤት ካለ መጽሐፍ ሳድስ ያለባቸውን 5 ቃላት ፈልገው ደብተራቸው ላይ ይጻፉ። እባካችሁ እናንተ አትጻፉላቸው፣ የተሳሳተውንም አታጥፉ። የቱ ጋ እንደሚቸገሩ የማየው ከስህተታቸው ነው። ከሥራ አምሽታችሁ የምትገቡ ካላችሁ ታላቅ እህት ወይም ወንድም ቢያስጠናቸው በቂ ነው።

በሒሳብ እስከ 20 መደመር እንቀጥላለን። ለረቡዕ 20 ፍሬ ባቄላ ወይም ጠጠር በትንሽ ፌስታል ይላኩልኝ።

ደብተሮቹን ዓርብ ጠዋት እሰበስባለሁ።

የክፍል ኃላፊ መምህርት