ስለ ካሜራው ለጠየቅከኝ

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከረምክ? እናትህስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይኸው ከተዋራን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ። ሰፈሩ ሲፈርስ አንተን ማዋራት ከበደኝ። «ሰፈር እንዴት ነው?» ማለትህ አይቀርም። ምን ብዬ እመልስልሃለሁ? ከዚያ ደግሞ በዘገየሁ ቁጥር እያፈርኩ፣ ባፈርኩ ቁጥር እየዘገየሁ እዚህ ደረስን።

ባለፈው ሳምንት መልእክትህ ሲደርሰኝ ደስታዬን አልነግርህም። መንገድ ላይ ለምታነሳው ፎቶ ኪስ የምትገባ፣ ሽክ ያለች፣ ዋጋዋ ወገብ የማይቆርጥ ካሜራ ንገረኝ ብለሃል። ይህን ጥያቄ ለምን ቁም ነገር አድርጌ እንደያዝኩት መጀመሪያ ልንገርህ።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችንን ዶሮ ማነቂያን ለቀን ስንወጣ እማዬ የፎቶዎቹን ቆርቆሮ አወጣች። ያቺን የብስኩት ቆርቆሮ ታስታውሳታለህ። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አየናቸው። ሠርግ አለ። ክርስትና አለ። የታላቅ እህቴ ምርቃት አለ። ፎቶ ቤት ገብተን ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት የቆምነውም አለ። የቅያሳችን ፎቶ ግን የለም። የቧንቧው ወረፋ የለም። ሥጋ ቤቶቹ የሉም። ማታ ማታ የምንቀመጥበት ደረጃ የለም። ካሜራ የሚወጣው ለበዓል ብቻ ነበራ! ስልኬ ላይ ጥቂት ነበሩኝ፤ እሱንም ከዚያ በፊት ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ከእጄ መንትፈውኝ ፎቶዎቹ አብረው ሄዱ።

የዚያን ቀን ነው በየቀኑ ኪሴ ውስጥ የምትውል ካሜራ መያዝ አለብኝ ያልኩት። ከዱባይ የምትመላለስ የጎረቤት ልጅ ያገለገለች ሪኮ ጂአር 2 አመጣችልኝ። በፈረንጆቹ 2015 የወጣች ናት። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ምንም ጌጥ የሌላት። ክብደቷ 250 ግራም አካባቢ ነው፤ ጂንስ ኪስ ውስጥ ትገባለች። ዙም የላትም። ሌንሷ አንድ ነው፤ በድሮው ፊልም ሚዛን 28 ሚሊሜትር የሚባለው፣ ሰፋ አድርጎ የሚያይ። ዙም አለመኖሩ መጀመሪያ ያስጨንቃል። ከወር በኋላ ግን ፍሬሙ ውስጥ ምን እንደሚገባ ካሜራውን ሳታወጣ ታውቀዋለህ። ጠጋ ማለት ስትፈልግ በእግርህ ትጠጋለህ።

ዋናው የወደድኩላት ነገር ስናፕ የሚሉት ነው። ርቀቱን አስቀድመህ ሁለት ሜትር ላይ ትሞላለህ። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ስትጫነው ፎከስ ልፈልግ ሳትል ወዲያው ታነሳለች። ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ 8 ላይ ካደረግክ ደግሞ (ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል) ከአንድ ሜትር ጀምሮ ማዶ ድረስ ያለው ይጠራል። ሊስትሮው ቀና ብሎ ሲስቅ፣ ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ፣ እናት የልጇን ነጠላ ስታስተካክል፣ ይሄ ሁሉ ሰከንድ አይሞላም። ካሜራው ፎከስ ሲፈልግ ያልፍሃል።

ጉድለቷንም ልንገርህ። አጮልቀህ የምታይበት መስኮት የላትም፤ የእኩለ ቀን ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ምኑም አይታይም። ከሁሉ የከፋው አቧራ ነው። ሌንሷ በወጣ በገባ ቁጥር አቧራ እየሳበች ሴንሰሯ፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍሏ ላይ ታሳርፋለች። እኔ ሻጩን አምኜ ሳላስፈትሽ ነው ያስመጣኋት፤ ሰማይ ባነሳሁ ቁጥር ጥቁር ነጥብ ነበረባት። ገንዘብ ከፍዬ አስጸዳኋት። አንተ ስትገዛ ቀዳዳውን 16 ላይ አድርገህ ነጭ ግድግዳ አንሳና አጉልተህ እይ። ነጥብ ካየህ ወይ ዋጋ አስቀንስ፣ ወይ ተወው።

እሷን በባጀትህ ካላገኘህ የመጀመሪያዋን ሶኒ አርኤክስ100 ፈልግ። በፈረንጆቹ 2012 ላይ ስትወጣ 650 ዶላር ነበረች፤ ያገለገለችው ዛሬ ከዚያ በታች ትገኛለች። ሴንሰሯ ከሪኮ ሲሦ ያህል ቢሆንም ሌንሷ 1.8 ድረስ ስለሚከፈት ማታ እምብዛም አትበለጥም። ዙምም አላት። ገላዋ ግን ልሙጥ ብረት ነው፣ ከእጅ ያመልጣል፤ ማሰሪያ አድርግላት። ፉጂ ኤክስኤፍ10 ደግሞ ወርቃማዋን ስታያት ልብህ ይከጅላል። ነገር ግን ፎከሷ ቀርፋፋ ነው። ሁሉም የሚያወራላት ፉጂ ኤክስ100 ስድስተኛዋ 1,600 ዶላር ሆና ነው የወጣችው፤ ሱሪ ኪስም አትገባም። ለአንተ አልመክራትም።

ስለ ሽክነት ካነሳህ አይቀር፣ ለእኔ ቁንጅናዋ ከኪስ አወጣጧ ነው። በፈረንጆቹ 1979 ኦሊምፐስ ኤክስኤ የምትባል የፊልም ካሜራ ወጥታ ነበር፤ የሠራት የኦሊምፐሱ መሐንዲስ ዮሺሂሳ ማይታኒ ነው። ማኅደርም ክዳንም አትፈልግም። ፊቷ ላይ ያለውን ሽፋን በጣትህ ገፋ ስታደርገው ትከፈታለች፣ መልሰህ ስትገፋው ተዘግታ ኪስ ትገባለች። ካሜራ እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ፊልም ግን ለየቀኑ አይሆንም፤ አንድ ባነሳህ ቁጥር ገንዘቡን ታሰላለህ።

ደግሞ ትንሽ መሆኗ ከሰው ጋር ያስማማል። ትልቅ ካሜራ አንገትህ ላይ ካንጠለጠልክ ሰው ጋዜጠኛ ነህ ይላል፣ ጥበቃው ፈቃድ አለህ ወይ ይላል። በትንሿ ግን «ጋሼ፣ ላንሳዎት?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛው እሺ ይለኛል። እምቢ ያለኝን አላነሳም። ያነሳሁትን አሳጥቤ እወስድላቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ራሳቸው ይጠሩኛል። ለፎቶ ስልክ ያልመረጥኩትም ለዚህ ነው። ስልክ ላይ የቀረ ፎቶ ምን እንደሚሆን አይቼዋለሁ።

አንተም እዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ዩ ስትሪትንና ዘጠነኛን ጎዳና አንሳልኝ። የኛ ሰዎች ሱቆችና ምግብ ቤቶች ከነማስታወቂያ ሰሌዳቸው፣ በር ላይ ቆመው የሚያወሩት፣ ከሥራ ወጥተው ቡና የሚጠጡት። ልብስህን ለብሰህ ስትወጣ እንደ ቁልፍህ ኪስህ ክተታት። ልዩ ነገር እስኪመጣ አትጠብቅ።

አሁን ደግሞ እኔ ልለምንህ። የኔዋ ባትሪ እየደከመ ነው፣ እዚህ አላገኘሁም። ሰው ሲመጣ ሁለት ላክልኝ፤ ዲቢ-65 ብለህ ጠይቅ። በዚያው ሰው እጅ ያሳጠብኳቸውን እልክልሃለሁ። ጋሼ ባለሱቁ አሉበት፤ አዲሱ ሰፈራቸው ድረስ ሄጄ ነው ያነሳኋቸው። ሚዛናቸውን አብረው ወስደዋታል። ስላንተ ጠየቁኝ፤ የዱቤ ደብተራቸው ላይ ስምህ እስካሁን እንዳለ ነግረውኝ ሳቁ።

እናትህን ሳምልኝ።

ወንድምህ