ስለ መርከቧ በር ልጠይቅህ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? ብዙ ጊዜ ጠፋሁብህ። ምክንያት አልደረድርም፣ አንተም አትጠይቀኝ። ይቅር በለኝና እንለፈው። ጺምህ ጭራሽ ሸበተ አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ቀድመህ አረጀህልኝ! እኔ ያው ቱሉ ዲምቱ ነኝ። ብየዳ ቤቱም አለ። ኪራዩ ጨምሯል።

የጻፍኩልህ ስለ ታናሼ ነው። ያ እሽኮኮ ይዘኸው የምትዞረው ልጅ መሐንዲስ ሆኗል። ባቦጋያ የባሕረኛ ሥልጠናውን ጨርሶ ሥራ አገኘ። እናቴ በእልልታ ሰፈሩን ቀሰቀሰችው። ደስታችንን በምን ልንገርህ! ግን የጠበቅነው የጭነት መርከብ ነበር። ያገኘው ሰውም መኪናም የምትጭን ፌሪ ላይ ነው። የምትሠራው አውሮፓ ነው። ዕድሜዋ ከእሱ ይበልጣል። ስሟንም ቀይራለች።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ማታ ማታ ስለ ፌሪ ማንበብ ሆኗል ሥራዬ። እንዲህ እንዲህ ስል ኤስቶኒያ የምትባል የሰጠመች ፌሪ ላይ ደረስኩ። ታሪኳን ሳታውቀው አትቀርም። ቢሆንም እኔ በር ሠሪው ያየሁትን ስማኝ።

ጀርመን አገር፣ ፓፐንበርግ ነው የተሠራችው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሥራ ስትጀምር ስሟ ቫይኪንግ ሳሊ ነበር። ከፊንላንዷ ቱርኩ ስቶክሆልም ትመላለስ ነበር። ከዚያ ሲልያ ስታር ተባለች፣ ቀጥሎ ቫሳ ኪንግ። በ1993 ኤስቶኒያ ሆና በታሊንና በስቶክሆልም መካከል መሥራት ጀመረች። የድሮው መንገዷን ደሴቶች ይከልሉላት ነበር። አዲሱ ግን ክፍት ባሕር ይበዛዋል።

አሠራሯን ልንገርህ። አፍንጫዋ ራሱ በር ነው። ወደ ላይ ተነሥቶ ይከፈታል፣ ክብደቱ 55 ቶን ገደማ። ከኋላው መኪና የሚገባበት መወጣጫ አለ። እሱም ተነሥቶ ሲዘጋ ሁለተኛ በር ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው ትላለህ። ችግሩ፣ የመወጣጫው ጫፍ የፊተኛው በር ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ ነው የተሠራው።

በእኛ አቆጣጠር 1987 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት ማታ፣ 989 ሰው ይዛ ከታሊን ተነሣች። ማዕበል ፊቷን ይደበድባት ጀመር። ሌሊት ላይ የአፍንጫዋ መሸጎሪያዎች ተሰበሩ። በሩ ተገንጥሎ ሲወድቅ መወጣጫውን ጎትቶ ከፈተው። ባሕሩ መኪናዎቹ ወዳሉበት ወለል ገባ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሳይሞላ ሰጠመች። 852 ሰው አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የመርማሪዎቹ ሪፖርት መሸጎሪያዎቹ ያንን ማዕበል ለመቻል እንደማይበቁ ይናገራል። ካፒቴኑ ከሚቆምበት ክፍል ደግሞ በሩ አይታይም። የምልክት መብራት ነበራቸው። በሩ ተገንጥሎ መሄዱን ግን መብራቱ አላሳየም።

ይህን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። የግቢ በር ሲሠራ እኔ መጀመሪያ የምጨነቀው በምን እንደሆነ ታውቃለህ። ላሜራው ቢያምር፣ ቱቦላሬው ቢወፍር፣ ማጠፊያውና መሸጎሪያው ደካማ ከሆነ በር ተሠራ አይባልም። ደንበኛ ቀለሙን አይቶ ይሄዳል። ባሕር ግን መሸጎሪያውን ነው የሚፈትነው።

ከእሷ በፊት ደግሞ ሄራልድ የምትባለው የእንግሊዝ ፌሪ ነበረች። የካቲት 1979 ዓ.ም. ከቤልጅየም ዚብሩገ ወደብ በሯን ሳትዘጋ ወጣች። ዘጊው ባሕረኛ ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ካፒቴኑ ዘንድ መዘጋቱን የሚነግር መብራት አልነበረም። ወዲያው ተገለበጠች፣ 193 ሰው ሞተ።

ትንሽ ውኃ ይህን ያህል መርከብ እንዴት ይገለብጣል ብዬ ነበር። የመኪናው ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ነው፤ መኪና ከአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ተብሎ። ውኃው ትሪ ላይ እንደፈሰሰ ሻይ ወዳዘነበለው ጎን ይሮጣል። መርከቧም ይበልጥ ታዘነብላለች። ታናሼ “ሕጉ ተቀይሯል” ይለኛል። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በስቶክሆልም በተስማሙት መሠረት የመኪናው ወለል ላይ እስከ 50 ሴንቲሜትር ውኃ ገብቶም መርከቧ ሳትገለበጥ መቆም አለባት። ይህን ሳውቅ ትንሽ ተነፈስኩ። ግን ሕጉን እዚያች አሮጌ መርከብ ላይ የሚያስፈጽመው ማነው?

አሁን አሁን በፊቴ መኪና የጫኑ ተሳቢዎች ከጅቡቲ ሲመጡ ማሰሪያቸው ላይ አፈጣለሁ። እናቴ “ምን ሆነሃል?” ትለኛለች። ለእሷ ምን እላለሁ?

ላንተ ብቻ የምነግርህ ነገር አለ። ቪዛውን በከለከሉት ብዬ የተመኘሁበት ሌሊት አለ። ልጁ በደስታ ሻንጣ ይገዛል፣ እኔ ይህን እመኛለሁ። ሌላም ነበረኝ… ይቅር፣ እሱን ስንገናኝ።

ዕድሜህን በሞተር ክፍል የጨረስክ አንተ ነህ። እስቲ ንገረኝ። አዲስ ገቢ ኢንጂነር የበሩን መሸጎሪያ በዓይኑ ሄዶ እንዲያይ ይፈቅዱለታል? ወይስ የሌላ ክፍል ሥራ ነው ይሉታል? ከሞተር ክፍል መውጫው በየት ነው? ከኤስቶኒያ ሞተር ክፍል ሠራተኞች በአስቸኳይ መውጫው ወጥተው የተረፉ ነበሩ። እሷን ደጋግሜ አነበብኳት። መጀመሪያ ቀን ያንን መውጫ በጨለማ እየዳሰሰ ወጥቶ እንዲለማመድ ብትነግረው ይሰማሃል። እኔን “አንተ ብየዳህን” ነው የሚለኝ።

ቁጥርህን ሰጥቼዋለሁ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደውልልሃል። መፍራቴን አትንገረው። የበሩን ነገር እንደራስህ አድርገህ አንሳበት፣ መውጫውንም አትርሳ። ከዚያ ምን እንዳለህ ለእኔ ደውልልኝ። ማታም ቢሆን አነሣለሁ።

ወንድምህ