ህንዱ መምህርዎ ምን ይቆጥር እንደነበር

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዘንድሮ ገናን የት እንዳሳለፍኩ ቢሰሙ ይስቃሉ። ንጉሥ ቤት ነው!

ጥቂት ቀን እረፍት ሳገኝ ከባንጋሎር ሌሊቱን በባቡር ተጉዤ ቲሩቫናንታፑራም ገባሁ። በደቡብ ህንድ ያለችው የኬረላ ግዛት ዋና ከተማ ናት፤ የዚያ የሒሳብ መምህርዎ አገር። ከጣቢያው በባጃጅ ሄድኩ። እነሱ ግን ባጃጅ አይሉትም፣ "አውቶ" ነው የሚሉት።

ቤተ መንግሥቱ ኩቲራ ማሊካ ይባላል፤ "የፈረስ ቤት" እንደማለት ነው። ከጣሪያው ሥር 122 ከእንጨት የተቀረጹ ፈረሶች ተደርድረዋል። ልቆጥራቸው ሞክሬ አንገቴን ሲያመኝ 40 ላይ ተውኩት። ያሠራው ስዋቲ ቲሩናል የሚባል ንጉሥ ነው። በ16 ዓመቱ ሥልጣኑን ያዘ፤ በፈረንጆቹ 1846፣ ገና በ33 ዓመቱ ሞተ። በዚያች አጭር ዕድሜ በሳንስክሪትም፣ በማላያላምም፣ በሌላም ቋንቋ በመቶ የሚቆጠር ዜማ ደርሷል። በየዓመቱ በእኛ ገና ሰሞን ማታ ማታ እዚያ የሚዘፈነው የእሱ ድርሰት ብቻ ነው። መግቢያ አይከፈልም። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይሄን እንደሆነ አውቃለሁ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ መጀመሪያ ላይ ሰልችቶኝ ነበር። ዘፋኙ ያለ ግጥም ድምፁን ብቻ ሲያወጣና ሲያወርድ ቆየ። ቫዮሊን የሚጫወተው መሬት ተቀምጦ፣ የቫዮሊኑን ጫፍ እግሩ ላይ አስደግፎ ነው። አንዱ ደግሞ እንስራ የሚመስል የሸክላ ማሰሮ ታቅፎ በጣቱ ይመታል። እማዬ ብታየው "ኧረ ይሰብረዋል!" ትል ነበር። ከዚያ አንድ ዜማ ጀመሩ፤ ቁልጭ ያለ ትዝታ! አጠገቤ የተቀመጡትን አዛውንት ብጠይቃቸው "ሞሃናም ነው" አሉኝ። የእነሱ ቅኝት ስም ነው፤ እንደኛው ትዝታ አምስት ድምፅ ነው ያለው።

እኒህን አዛውንት ዞር ብዬ ሳይ ነው የደነገጥኩት። በመዳፋቸው ጭናቸውን መታ ያደርጋሉ። ከዚያ ጣታቸውን ከትንሿ ጀምረው ይቆጥራሉ። ዙሪያዬን ባይ ሴቱም፣ ወንዱም፣ ልጁም እንደዚያው ነው።

አባባ፣ ህንዱ መምህርዎ ማለት ነው! ፈተና ሲጠብቅ ጭኑን እየመታ ጣቱን ይቆጥር ነበር እያሉ ስንቴ አሳይተውናል? እናንተ ተማሪዎቹ "የሚወድቁትን እየቆጠረ ነው" ብላችሁ ስትንቀጠቀጡ፣ ሰውዬው በልቡ እየዘፈነ ነበር። የሚቆጥረው ምቱን ነው፤ ታላ ይሉታል። ከአገሩ ርቆ፣ ዝም ባለ ክፍል ውስጥ፣ የሚሰማው እሱ ብቻ። እኔም እዚህ ላብራቶሪ ውስጥ ሳላውቀው ስንቴ አንጎራጉሬያለሁ።

እርስዎ ሲያሳዩን ሦስት ጣት ቆጥረው ያቆሙ ነበር። ገና ግማሹ ነው። አዛውንቱ ሙሉውን አስተምረውኛል፦ መዳፍ፣ ትንሿ ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ የመሀል ጣት። ከዚያ መዳፍ፣ ገልበጥ፣ መዳፍ፣ ገልበጥ። ስምንት ነው። እሁድ ስደውል አብረን እንሞክረዋለን። ብቻ በደህናው ጉልበትዎ በኩል ይምቱ።

ልጅዎ