የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከስላይድ ሾው የወጡ ፎቶግራፎች

ክበባችን በ2017 የትምህርት ዘመን የኮምፒዩተር ክፍሉን ከመንከባከብና አዲስ ገቢ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከማለማመድ ጎን ለጎን አብዛኛውን ጊዜውን ያዋለው በአንድ አሮጌ ዲቪዲ ላይ ነበር። ዲስኩ በ2001 ዓ.ም. ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስንብት የተዘጋጀ፣ ፎቶግራፎች በሙዚቃ ታጅበው በየተራ የሚያልፉበት ስላይድ ሾው ይዟል። ፎቶግራፎቹ ተቀምጠውበት የነበረው ኮምፒዩተር ከጥቅም ውጭ ከሆነ ዓመታት በማለፋቸውና የታተመ ቅጂም በቤተ መጻሕፍቱ ስላልተገኘ፣ ከዚያ ዓመት በትምህርት ቤታችን እጅ የቀረው የምስል ማስረጃ ይኸው ዲስክ ብቻ ነው።

በቤት ውስጥ የሚቀዱ ዲስኮች መረጃውን የሚይዙት በብርሃንና በሙቀት በሚደበዝዝ የቀለም ንጣፍ ላይ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የተሠራው ሥራ የዲስኩን ይዘት ሳይነካኩ እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ነበር። የዲስኩ ጠርዝ ተጭሮ ስለነበር ዲዲሬስኪዩ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ተጠቅመናል። ሶፍትዌሩ በቀላሉ የሚነበበውን ክፍል አስቀድሞ ካነሳ በኋላ ወደ አስቸጋሪው ክፍል እየተመለሰ ደጋግሞ ይሞክራል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ በቅጂው ላይ ነው።

አንዳንድ አባላት ቪዲዮውን አቁሞ የኮምፒዩተሩን ስክሪን በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ሐሳቡ ያልተወደደበት ምክንያት የዓመቱ ዋና ትምህርት ሆነ። በአገራችን በተለመደው ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ቪዲዮ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም በየተራ የሚታዩ ነጠላ ምስሎች፣ ስለሚይዝ፣ ለስድስት ሴኮንድ የታየ አንድ ፎቶግራፍ 150 ጊዜ ተመዝግቧል ማለት ነው። ሆኖም 150ዎቹ እኩል አይደሉም። የዲቪዲ ቪዲዮ ቦታ እንዲቆጥብ የሚታመቅበት ኤምፔግ 2 የተባለው ዘዴ ሙሉ ምስል የሚያስቀምጠው በየተወሰነ ፍሬም አንድ ጊዜ ሲሆን፣ በመካከል ያሉት በአመዛኙ ልዩነቱን ብቻ ይመዘግባሉ። ስለዚህ አባላቱ ኤፍኤፍምፔግ በተባለው ሶፍትዌር ሙሉዎቹን ፍሬሞች ለይተው በማውጣት፣ ዳግመኛ በማያምቀው የፒኤንጂ ዓይነት አስቀምጠዋል። ምስሉ ፈጽሞ በማይንቀሳቀስበት ቦታ ደግሞ የብዙ ፍሬሞችን አማካይ ሲወስዱ፣ በእመቃ የመጣው ዝብርቅርቅ ከፍሬም ፍሬም ስለሚለያይ እየተጣፋ ሄዶ የፊቶቹ ዝርዝር በግልጽ ወጥቷል።

ሁለት እርማቶች ለሁሉም ፎቶግራፎች አስፈልገዋል። ዲቪዲው ምስሉን በ720 በ576 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ቢያስቀምጥም ትክክለኛው ቅርጽ የሚገኘው ወርዱ ወደ 768 ሲለጠጥ ነው፤ ያለዚያ ሰው ሁሉ ከስቶ ይታያል። እንዲሁም ከ0 እስከ 255 ባለው የብርሃን መለኪያ በቪዲዮ ጥቁር የሚጀምረው ከ16፣ ነጭም የሚያበቃው በ235 ስለሆነ፣ ይህ ካልተስተካከለ ፊቶች አመድ የተነፋባቸው ይመስላሉ።

ከሁሉ ያስቸገሩን የስላይድ ሾው አዘጋጆች ለማሳመር የጨመሯቸው እንቅስቃሴዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ አንደኛው እንቅስቃሴ ሳይታሰብ ጠቅሞናል፦ በሰልፍ ሜዳው የተነሳው ትልቁ የቡድን ፎቶ ጎላ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚያልፍ፣ ፍሬሞቹን ጎን ለጎን በማገጣጠም አንድ ፍሬም ሊይዝ ከሚችለው የበለጠ ዝርዝር ያለው ምስል ተገኝቷል። አንዱ ፎቶ ወደ ቀጣዩ እየሟሟ የሚያልፍባቸውና ብቻውን ንጹሕ ሆኖ የታየበት ፍሬም የሌላቸው ፎቶዎችም ነበሩ። የ11ኛ ክፍል አባላት እንዲህ ያለው ፍሬም የሁለት ምስሎች የተመጣጠነ ድምር መሆኑን ተረድተው፣ ጎረቤቱ ንጹሕ ሆኖ በተገኘበት ቦታ ሁሉ የእርሱን ድርሻ በመቀነስ የተሸፈነውን አውጥተዋል። የሒሳብ መምህራን ይህን ስሌት ለክፍል ምሳሌነት ቢወስዱት ደስ ይለናል።

በዓመቱ መጨረሻ ገደማ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስሎቹን የማጥራት ጥያቄ ተነሥቶ ሰፊ ክርክር ተደርጎበታል። የዲቪዲው ፍሬም 415 ሺህ ያህል ፒክስል ብቻ ስላለው፣ ባለ 5 ሜጋፒክስል ካሜራ ከሚሰጠው ከአሥራ ሁለት እጅ አንዱ ገደማ ነው፤ በመጽሔት ጥራት ቢታተም ወርዱ ከ6 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ማጥሪያዎቹ በኋላ ረድፍ የቆሙ ተማሪዎችን ዓይንና ጥርስ አጥርተው ቢያሳዩም፣ ያ ዓይን ከዲስኩ የተገኘ ሳይሆን ፕሮግራሙ ከሌሎች ሰዎች ፊት ተምሮ የሣለው ነው። ክበቡ በድምፅ ብልጫ እንደወሰነው በትምህርት ቤቱ ማኅደር የሚቀመጠው ያልተነካው ምስል ብቻ ነው። በእኔም እምነት ውሳኔው ትክክል ነው፤ የደበዘዘ ፊት ያለው ተማሪ የራሱ ፊት አለው።

እያንዳንዱ ፋይል በስላይድ ሾው ውስጥ የታየበትን ደቂቃና ሴኮንድ በስሙ ይዟል፤ ነባር መምህራንም በትዕግሥት ተቀምጠው ያወቋቸውን ሰዎች አስመዝግበዋል። ቅጂዎቹ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተርና በሁለት ተነቃይ ሃርድ ዲስኮች ይገኛሉ። በ2001 ዓ.ም. የተማሩ ወይም ያስተማሩ የመጽሔታችን አንባቢዎች በቤታቸው የታተመ ፎቶግራፍ ካላቸው፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ቢያውሱን በስካነር ገልብጠን ወዲያው እንመልሳለን።